ክስ ማንሳት፦ ከግሸን አምባ ሥር ሆኖ ሲታይ

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ተንኮለኛ ነው። «ነገር አነሳ» ሲባል ጠብ ጫረ ማለት ነው፤ «ክሱን አነሳ» ሲባል ደግሞ ጠቡን ተወው፣ ከዳኛ ፊት አወጣው ማለት ነው። አንዱ ግሥ ጀማሪም ጨራሽም ሆኖ ያገለግላል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ግን ስናገላብጥ የኖርነው የፊተኛውን ብቻ ይመስለኛል። ማን ማንን ከሰሰ፣ ማን ረታ፣ ማን ተረታ፣ ማን ይግባኝ ብሎ እስከ ዙፋን ችሎት ደረሰ እያልን እንጽፋለን። ከፍርዱ በፊት ተስማምቶ፣ መዝገቡን አዘግቶ፣ በቅሎውን ጭኖ ወደ አገሩ የገባው ሰውዬ ግን በታሪካችን ውስጥ ቦታ የለውም። ለምን? ፍርድ ስላላገኘ! ፍርድ ያላገኘ ነገር ታሪክ አይሆንም ያለው ማነው?

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የማነሳው (ይኸው፣ እኔም አነሳሁ) በሽያጭ ተጣልተው፣ ተካሰው፣ ኋላም በግላቸው ታርቀው ክሱን የተዉትን ሰዎች ጉዳይ ነው። ቦታውን ደግሞ አምባሰል፣ ግሸን አካባቢ አድርጌዋለሁ።

ለምን ግሸን ትሉኝ ይሆናል። ግሸን በታሪክ ክፍል የምትነሳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መስከረም 21 ቀን ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ግማደ መስቀሉን በመስቀል ቅርጽ በተሠራው አምባ ላይ አስቀመጠው የሚለው ትውፊት፣ መጽሐፈ ጤፉትና ከየአገሩ የሚጎርፈው ሕዝብ። ሁለተኛው ነገር ከዚያ የቀደመ ነው፤ አምባው የነገሥታት ልጆች መታሰሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1540 የአሕመድ ግራኝ ጦር አምባውን እስኪይዘው ድረስ ዙፋን ሊያምራቸው የሚችሉ መሳፍንት እዚያ ላይ ተዘግቶባቸው ኖረዋል።

ይህን ሁለተኛውን ነገር እንደ ሕግ ጥያቄ አድርገን ብናየውስ? ዙፋን የሚወረስ ንብረት ነው፤ ወራሾቹ ብዙ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚፈርድ ዳኛ የለም፤ ዋስ የሚሆንም አይገኝም። መፍትሔው ተከራካሪውን ራሱን አምባ ላይ ማውጣት ሆነ። ከአምባው ግርጌ ያለው ባላገር ግን ጎረቤቱን አምባ ላይ አያወጣውም፤ ነገም በአንድ ወንዝ ከብት ያጠጣል፣ በአንድ ገበያ ይገናኛል፣ ለቅሶም ይደራረሳል። ስለዚህ ሌላ ብልሃት ያስፈልገዋል። የብልሃቱ ስም ዋስ ነው። ዋስን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ ነገሬ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው የሚዞረው።

ደግሞ ከአምባሰል ሳንወጣ ሌላ ነገር ላስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽና የጣሊያንኛው 17ኛ አንቀጽ አልገጥም ብለው ምን እንዳመጡ ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረነዋል። ውል ነበረ፤ ፊርማ ነበረ፤ ማኅተም ነበረ። የሁለቱን ቃል አስተያይቶ «አንተ ተሳስተሃል» የሚል ገላጋይ ግን አልነበረም። መጨረሻው ዐድዋ ሆነ፤ ውሉም የፈረሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1896 በአዲስ አበባው የሰላም ውል ነው። የአገርና የአገር ውል ከበሬ ሽያጭ ጋር አይመዛዘንም የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ አይመዛዘንም። ነገር ግን ውጫሌ ገበያ ላይ በሬ የሚሸጠው ሰው ዋስ ሳይጠራ እንደማይሸጥ አስቡት።

የድሮው ሙግት እንዴት እንደ ነበር መቼስ ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ አላፊ አግዳሚውን «በሕግ አምላክ» ብለው አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ከባድ ነገር ከሆነ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ እስከ ገዥው ድረስ አብረው ይጓዛሉ። አምባሰል ላይ ገዥው ጃንጥራር የሚባል የቆየ የዘር ማዕረግ ያለው ሰው ነበር። ችሎት ሲደርሱ ተጠየቅ ልጠየቅ፣ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ይፋጠጣሉ፤ አንዱ በማር፣ አንዱ በበቅሎ፣ አንዱ በፈረስ ይወራረዳል። የተረታው ውርርዱን ይከፍላል።

እዚህ ላይ ነው እኔን ያቆመኝ። ዳኛው ደመወዝ አልነበረውም። ኑሮው ከመሬቱና ከተረቺው ከሚያገኘው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን ገንዘብ «ዳኝነት» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታዲያ ተከራካሪዎቹ ከውርርድ በኋላ ድንገት «ታርቀናል» ቢሉ ዳኛው ምን ይሰማዋል? እንግዲህ የእኔ ግምት ይኸውና፤ በድሮው ሥርዓት ክስ ማንሳት የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሦስተኛ ባለጥቅም ነበረበት። ሽማግሌዎች ነገሩ ችሎት ሳይደርስ «እባካችሁ እዚሁ ይለቅ» እያሉ የሚጣደፉትም ለሰላም ብለው ብቻ ሳይሆን ወጪውን ስለሚያውቁት ነው። ባላገሩን «ሙግት ይወዳል» እያሉ የሚያሙት ሰዎች ይህን ሒሳብ ያሰቡት አይመስለኝም። የሙግት ሥርዓቱን፣ የመሬት ስሪቱንና የግብሩን ዓይነት ማወቅ የሚፈልግ በ1942 ዓ.ም. የታተመውን የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» ይመልከት።

የሽያጭ ጠብ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በተለይ የመሬት። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ይባላል። ርስት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የዘር ነው። አንዱ ቸግሮት ቢሸጥ የአጎት ልጅ ከሦስት ወንዝ ማዶ መጥቶ «ያለ እኔ ፈቃድ!» ይላል። ሆኖም መሬት አይሸጥም ነበር ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ጎንደር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይነት ያለበት ሪም የሚባል መሬት በሰፊው ይሸጥና ይገዛ እንደ ነበር ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር አሳይቷል። ማስረጃውን ያገኘው ከየት መሰላችሁ? ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ! ወንጌል በተጻፈበት ብራና ዳርና ባዶ ገጽ ላይ እገሌ ከእገሌ ይህን መሬት በይህን ያህል ገዛ፤ ዋሱ እገሌ፤ እማኞቹ እነ እገሌ ተብሎ ተጽፏል። የሙግትና የስምምነት ማስታወሻም አለበት። ሴቶች ሻጭም ገዥም ተሟጋችም ሆነው ይገኛሉ፤ ክራሚ ስለ በጌምድር ሴቶች ንብረትና ሙግት ለብቻው ጽፏል።

ይህ ልማድ የጎንደር ብቻ አልነበረም። ከግሸን ብዙ ሳይርቅ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለገዳሙ የተሰጠው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ራሱ ከቃለ ወንጌሉ ሌላ የገዳሙን ጉዳይ የሚመለከቱ ማስታወሻዎች የተጻፉበት ነው። ቅዱስ መጽሐፍ እንደ መዝገብ ቤት ያገለግል ነበር ማለት ነው። ያን ማስታወሻ የሚፍቅ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግዝቱ አለበት።

ስለዚህ የድሮው ስምምነት በሦስት ችካል የታሰረ ነበር፤ በዋስ፣ በመሐላና በጽሑፍ። በወሎ ደግሞ ይህ ነገር የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ሲቀመጥ ቄሱም ሼኩም አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይባርካል፣ ሌላው ዱዓ ያደርጋል። በአንዳንድ የወሎ ወረዳዎች አበጋር የሚባሉ፣ ማስታረቅን ከአባት የወረሱ ሰዎች አሉ። ተጣይዎቹ ሽማግሌውን እንደመረጡ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ምን ተበደልክ?» ተብለው አይደለም፤ «ለምንልህ ነገር ዋስ ጥራ» ተብለው ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፍርድ ቤት በአዋጅ ተደራጀ። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው አዋጅ አጥቢያ ዳኛን አቋቋመ፤ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ነገር እንዲያይና አስቀድሞም ለማስታረቅ እንዲሞክር። ሃያ አምስት ብር! የበሬ ጠብ እንኳ በዚህ ሁልጊዜ አይጨረስም። ቢሆንም መንግሥት ሽማግሌውን ኮት አልብሶ ዳኛ አደረገው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ነገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የሕጉ ቁጥር 3347 በሕጉ ውስጥ የተሸፈነውን ነገር የሚመለከተውን የቀድሞ ሕግና ልማድ ሁሉ ሻረ። እንደዚህ ያለ መጥረጊያ በታሪካችን ታይቶ አይታወቅም። ነገር ግን ከዚያው ቁጥር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከ3307 ጀምሮ፣ ዕርቅ ራሱ ሕግ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተላለፉ ያለውን ጠብ የሚጨርሱበት ወይም የሚመጣውን የሚከላከሉበት ውል ተብሎ። ቁጥር 3312 ደግሞ ይህ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው ይላል። ይህ ሐሳብ በ1804 ከወጣው የናፖሊዮን ሕግ፣ ከዚያም በላይ ከሮማ ሕግ የሚወርድ ነው። የሚገርመው፣ የሮማ ሕግ ወደ አገራችን ሲገባ ይህ ሁለተኛው ነው። ፍትሐ ነገሥት፣ የሥጋዊው ክፍሉ ብዙ ነገር ከቢዛንታይን ሕግ የተቀዳ፣ በግብፅ ክርስቲያኖች በኩል ዞሮ ቀድሞ ገብቷል። በትውፊት ያስመጣው ማነው? ከግሸን አምባ ወርዶ ነገሠ የሚባለው ያው ዘርዐ ያዕቆብ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተከተለ። ከቁጥር 274 እስከ 278 ያሉት ቁጥሮች የዛሬው ነገራችን ሕጋዊ ቤት ናቸው። ባለጉዳዮች በማናቸውም ጊዜ፣ በችሎትም ከችሎት ውጭም ሊታረቁ ይችላሉ። ችሎት ፊት ከታረቁ ዳኛው ዕርቁ ሕግንና ሞራልን አለመቃረኑን አይቶ በትእዛዝ ያጸናዋል። ከችሎት ውጭ ከታረቁ ለፍርድ ቤቱ ይነገራል፤ ከሳሽም ክሱን ለማንሳት ፈቃድ ይጠይቃል። እንደገና ለመክሰስ ሳያስፈቅድ ዝም ብሎ የተወ ሰው ግን በዚያው ነገር ዳግመኛ መክሰስ አይችልም።

ልዩነቱን ልብ በሉት። የመጀመሪያው ሰው ዕርቁ ቢፈርስበት ትእዛዙን ይዞ «ይፈጸምልኝ» ይላል። ሁለተኛው በእጁ ያለው የሽማግሌ ወረቀት ነው፤ ያችን ይዞ ሌላ ነገር ሊጀምር ነው። ስንቱ ባላገር ነው ይህን ልዩነት አውቆ «ክሴን አንስቻለሁ» ብሎ የሚፈርመው?

አንድ ምሳሌ እናስብ፤ ሰዎቹ የሉም፣ ሕጉ ግን አለ። አንዱ ውጫሌ ከተማ ውስጥ ያለ ቤቱን ሊሸጥ ተስማማና 20,000 ብር ቀብድ ተቀበለ። ዋጋ ወጣ። ሻጭ ሐሳቡን ቀየረ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ገዥ 40,000 ብር ይገባኛል ብሎ ከሰሰ። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌው ሕጉን አያውቀውም አይባልም፤ የመንደር ውል ጸሐፊዎቻችን «በቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» የምትለዋን ሳይጽፉ ውል አይዘጉም፤ ያፈረሰ ይህን ያህል ገደብ ይከፍላል የምትለዋንም አይረሱም። ነገር ግን ሽማግሌ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ሻጭ ምን አለው? ገዥ ምን ከሠረ? ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት አይደሉም ወይ? «28,000 መልስለት፤ አንተም 12,000ውን ስለ ማርያም ተው» ይላል። ገዥ ይተዋል። በቀጠሮው ቀን ይቀርብና ያመለክታል። ችሎቱም ግራ ቀኙ በስምምነት ስለ ጨረሱ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ ብሎ ይጽፋል።

አለቀ። የ12,000 ብሯ ነገር፣ የሽማግሌዎቹ ስም፣ የዋሱ ስም፣ ስለ ማርያም የተባለው ሁሉ መዝገቡ ውስጥ የለም። የዛሬ መቶ ዓመት አንድ የታሪክ ተማሪ ያንን መዝገብ ቢከፍት የሚያገኘው የ40,000 ብር ክስና አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ከሣሹ ሐሰተኛ ስለ ነበር ፈርቶ ተወው ብሎ ቢጽፍ ማን ያርመዋል?

ይህ እንግዲህ ንጹሑ ዕርቅ ነው። ሌላም አለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ፤ የመሬት ክርክርም ለገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ለጭሰኛው ይህ ምን ማለት እንደ ነበር ሌሎች ብዙ ስለ ጻፉ አልደግመውም። ለእኔ ጉዳይ የሚያስፈልገኝ አንዲት ነገር ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሬት ሽያጭ ጠብ በሕግ ፊት ጠብ አይደለም፤ ሽያጩ የለማ! ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። በአማራ ክልል ገበሬው የይዞታ ደብተር አግኝቷል፤ ማከራየትና ስጦታ መስጠት በሕጉ ወሰን ይችላል፤ መሸጥ ግን አይችልም።

ሕግ ከለከለ ማለት ሰው ተወ ማለት ግን አይደለም። ሽያጩ የኪራይ ልብስ ለበሰ፤ የስጦታ ልብስ ለበሰ። እንዲህ ያለው ነገር ሲበላሽ ምን ይሆናል? ፍርድ ቤት ከደረሰ ውሉ ፈራሽ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ገዥ፣ መሬቱ ወደ ሻጭ ይመለሳል። ዋጋ በወጣ ቁጥር ይህ ለሻጭ ሠርግ ነው፤ ለገዥ ደግሞ ሐዘን። ገዥ ስለሚፈራ ወደ ሽማግሌ ይሮጣል፤ ሻጭም ቢሆን የመንደሩን ዓይን ስለሚፈራ እንቢ ለማለት ይቸግረዋል። ክሱ ይነሳል። ሕጉ የከለከለው ሽያጭ በዕርቅ ስም ይጸናል። ዳኛው ፊት የደረሰው «ተስማምተናል» የሚል ቃል ብቻ ስለሆነ፣ በቁጥር 277 ዕርቁን መርምሮ የሚጥልበት ምክንያት አያገኝም።

የቤት ሽያጭም የራሱ ጣጣ አለው። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ገንዘቡን ከፍሎ፣ በሦስት እማኝ አስፈርሞ፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ይህን ሲሰማ ጉልበቱ ከዳው። ሕግ ሲጠብቅ የሽማግሌ ደጅ ይጨናነቃል፤ እንዲህ ያለ ገዥም የፍርዱን ቀን ከሚጠብቅ ይልቅ ጨመርመር አድርጎ መታረቅን ይመርጣል።

እንግዲህ ዕርቅን ዝም ብለን «የአባቶቻችን ድንቅ ባህል» እያልን ብናወድሰው ታሪክ አልጻፍንም፤ መልክ ነው የሳልነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ኋላ ቀር ነው፣ ፍርድ ቤት እያለ!» የሚለውም ጓደኛችን የ25 ብሩን አጥቢያ ዳኛ፣ የቀጠሮውን ርዝመት፣ ከአምባ ወርዶ ወረዳ ደርሶ መመለስ ለአንድ ገበሬ ስንት የእርሻ ቀን እንደሚያስከፍለው አላሰበም። ሁለቱም ሳይጠይቁ ነው የፈረዱት። እኔ የምለው፣ ዋሱ ማን እንደ ነበር ሳይታወቅ ዕርቁ ፍትሐዊ ነው አይደለም ማለት አይቻልም። ዋስ ሀብታሙን ገዥ ፈርቶ የቆመ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ደካማዋን ሻጭ አዝኖላት የቆመም ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው የጎንደሩ የብራና ኅዳግ የሚያስቀናኝ። እዚያ ላይ ዋሱ በስሙ አለ፣ እማኙ በስሙ አለ፣ ሴቲቱ በስሟ አለች። የዛሬው ስምምነት ግን አንዱ ቅጂ በሻጭ፣ አንዱ በገዥ፣ አንዱ በሽማግሌ ሰብሳቢው ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሽማግሌው ሲሞቱ ልጆች ሣጥኑን ያጸዳሉ።

ለክረምት ወደ ሐይቅ፣ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ደሴ ዙሪያ የምትገቡ ጓደኞቻችን ብዙ ናችሁ። አያቶቻችሁን ስለ ሰገሌ ጦርነት ከምትጠይቋቸው ጋር ይህንንም ጨምራችሁ ጠይቁልን፤ አስታርቀው ያውቁ እንደሆነ፣ ስንት ተብሎ ስንት እንደ ተተወ፣ ዋስ ማን እንደ ተጠራ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ። ቤት ወይም መሬት ከሆነም ሚስቲቱ ተጠይቃ እንደ ነበር፣ ተጠይቃስ ከነበረ ምን እንዳለች።